ሁለት ጭነት ገብስ ከጉና

ጥቅምት 20 ቀን 1930 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ደብረ ታቦር።

የጠዋት ቆጠራ፦ ገብስ ዘጠኝ ጭነት፣ ስንዴ አራት፣ ጤፍ ሁለት። አሞሌ ጨው ሠላሳ ሁለት፤ ሦስቱ ተሰብረዋል። የበሬ ቆዳ አሥራ አንድ። አጋሰስ ሦስት፤ የአንዱ ጀርባ ተመልጧል። በገበያው በር ላይ የተለጠፈ አዲስ ማስታወቂያ፣ አንድ።

ማስታወቂያው ከኅዳር አንድ ጀምሮ እህል በቁና መስፈር ክልክል ነው፣ ሁሉም በኪሎ ይመዝን፣ ሚዛኑም በፈረንጁ ግቢ ማኅተም ይመታ ይላል። እሸቴ ድንጋይ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ሃያ ሰው ከበበው። ሲጨርስ አንዷ ጌሾ ሻጭ «አንተ የቄስ ልጅ፣ እስቲ አሁን ትርጓሜውን ንገረን» አለችው። «ትርጓሜውማ፣ ቁናሽን ደብቂ ነው» አላት።

እሸቴ የየኔታ አስረስና የእታለም አሰለፈች ልጅ ነው። የኔታ ከጉና ጀርባ ባለው ጊዮርጊስ መሪጌታ ናቸው፤ የሳቸው እናትና የኔ እናት የእኅትማማች ልጆች ነበሩ። ፊደል የቆጠርሁት ከሳቸው ዘንድ ነው። አንድ ልጃቸውን ንግድ ይማር ብለው ከሰጡኝ ሁለት ዓመት ሆነው።

የጉናዋ ገብስ ሻጭ ጌጤ ዛሬ ስለምትመለስ ደብዳቤ ሰጠኋት። የምልከውን በዚህ ደብተር መገልበጥ፣ የሚመጣልኝንም እዚሁ መስፋት ልማዴ ነው።

*

ይድረስ ለየኔታ አስረስ፣ ጉና ጊዮርጊስ።

የዘንድሮው ውርጭ እንዴት ያዘዎት? ጉልበትዎስ፣ ዓይንዎስ፣ ቅኔ ቤቱስ? እታለም አሰለፈችስ? እኛ የላይኛው ጠባቂ አልተኛምና ደኅና ነን። ባለቤቴ ማሬም እጅ ትነሣለች።

ከእንግዲህ ገብስዎን በኪሎ ነው የምንቀበል፤ በቁና ሰፍረው ቢልኩ እኔ እዚህ እመዝነዋለሁ፤ አይጨነቁ። ለነጋዴ ሁሉ የይለፍ ወረቀት እየተሰጠ ነው። ለኔም ለእሸቴም አውጥቻለሁ። ልጁ እጁ የታመነ ነው፣ ምላሱ ትንሽ ይረዝማል፤ እሱን ከየት እንዳመጣው እርስዎ ያውቃሉ።

እሸቴ ጉልበትዎን ይስማል፣ የእናቱንም ይስማል። ይህን መስመር ካልጻፍህ አልለቅህም ብሎ አጠገቤ ቆሟል።

ልጅዎ ፈንታሁን።

*

ጥቅምት 30 ቀን 1930።

ለልጄ ለፈንታሁን።

አብርሃምን በመንገዱ የጠበቀ አምላክ አንተንም ይጠብቅህ፤ መንገድህንም ሚዛንህንም ያቅና። ሚዛንህን ያልሁት ሆን ብዬ ነው።

እኛ ደኅና ነን። ኪሎ ስንት እፍኝ እንደሆነ ጌጤን ብጠይቃት «የኔታ፣ ፈረንጁ ደስ ሲለው ይበዛል፣ ሲከፋው ያንሳል» አለችኝ። ተማሪዎቼ ሰባት ቀርተዋል። ከደብር ወደ ደብር ለሚሄድ ተማሪም ወረቀት ያስፈልጋል የሚል ማስታወቂያ ወጥቷል መሰለኝ፤ ወረቀት የሚሰጠው ዘንድ ለመድረስ ደግሞ ወረቀት ያስፈልጋል። ይህ ቅኔ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ቅኔ ነው ባልሁ።

አሰለፈች ለእሸቴ ጋቢ እየፈተለች ነው። ቁመቱ ጨምሯል ወይስ እንደሄደ ነው? በክንድ ለክተህ ላክልን። ለገና ይምጣ። ለጥምቀት ከአንድ ጨዋ ሰው ልጅ ጋር ቃል እንዲታሰርለት ተነጋግረናል፤ ለሱ ግን አትንገረው፣ እናቱ ራሷ ልትነግረው ትፈልጋለች። ለተማሪዎቼ ትንሽ ቀለም ብትልክ መልካም ነው።

በበዓል ቀን እንዳታስጭነው። አንተስ በልጅነትህም በዓል አታውቅም ነበር፤ ገንፎ ያለበትን ብቻ ነበር የምታውቀው። እሱን ግን እኔ አሳድጌዋለሁ።

አስረስ።

*

ኅዳር 16፣ ሐሙስ። ጠዋት የወጣ፦ ቆዳ አሥራ አንድ፣ አሞሌ ሃያ፣ በሦስት አጋሰስ፣ ወደ እብናት። የሚሄዱት እሸቴና አጋሰስ ነጂዬ በላይነህ ናቸው።

እሸቴን ትናንት ለጋቢው ለካሁት፦ ሦስት ክንድ ተኩል ከአራት ጣት። «አባቴ ለምን በቁና አላሰፈሩኝም?» ብሎ ሳቀ። ጌጤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመጣ ልኩን እልካለሁ።

ጉዞው እንዲህ ነው፦ ቅዳሜ የእብናት ገበያ፣ እሑድ ዕረፍት፣ ሰኞ ጭነው ይነሣሉ፣ ማክሰኞ ማታ እዚህ ናቸው።

*

ኅዳር 18፣ ቅዳሜ። ገብስ ሰባት ጭነት፣ ስንዴ አራት። አዲስ ማስታወቂያ፣ አንድ።

የአውራ ጣት አሻራ የሌለው የይለፍ ወረቀት ከረቡዕ ኅዳር 22 ጀምሮ አይሠራም። ከዚያ ዕለት አንሥቶ አሮጌውን ይዞ በመንገድ የተገኘ እንደ ሽፍታ ይቆጠራል። በአሮጌው ፈንታ አዲሱን የሚሰጠው ግቢው ነው፤ ባለቤቱ በአካል ቀርቦ ጣቱን ያሳርፋል።

የእኔን ዛሬውኑ አስለወጥሁ። እሸቴና በላይነህ የያዙት አሮጌውን ነው። ጉዳዩን አሰላሁት። ማክሰኞ ማታ ይገባሉ፣ ወረቀቱ የሚሞተው ረቡዕ ነው። ይደርሳሉ።

ማሬ «ሰው ላክባቸው» አለችኝ።

«ለምን? ሒሳቡ ይበቃል።»

«ሒሳብህ ይብቃ፤ ሰው ግን ላክ።»

አልላክሁም። የሚላከው ሰው ሁለት ቀን ሥራ ይፈታል።

*

ኅዳር 21፣ ማክሰኞ። በላይነህ ወደ ማታ ብቻውን ገባ፤ ከሁለት አጋሰስ ጋር።

«እሸቴስ?»

«ቀረ።»

«ምን ሆኖ?»

«ምን ይሆናል! ዛሬ ጽዮን ማርያም አይደለች? ጭነት አላነሣም አለ። ‹አባቴ ቢሰሙ ከገበታቸው አያቀርቡኝም› ብሎ ከኬላው ወዲያ፣ ከወንዙ ዳር ያለችው ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ገባ። እኔንም ‹ሂድ አንተ አረመኔ፣ ለጋሼ ፈንታሁን እንዳንተ ያለ ነው የሚስማማው› አለኝ። ነገ ጠዋት ይደርሳል» አለና ሳቀ።

ስለ ማስታወቂያው አልሰማም ነበር። ነገርሁት። መሳቁን ተወ።

ቀኖቹን ሁሉ ቆጥሬ በዓሉን አልቆጠርሁም። ሱቄ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነበር።

*

ኅዳር 23፣ ሐሙስ። ትናንት ቆጠራ አላደረግሁም።

ትናንት ጎህ ሲቀድ ወጣሁ፤ ከኬላው በፊት አግኝቼው ጫካ ለጫካ ላስገባው። ኬላው የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ስደርስ ፀሐይ ከፍ ብላ ነበር። አሮጌ ወረቀት የያዙ አምስት መንገደኞች ከግንብ ሥር ተኝተው ነበር። ሦስተኛው እሸቴ ነው። ወረቀቱ በእጁ ነበር፤ አሮጌው ወረቀት ማኅተም እንጂ ስም የለበትም።

አንድ ወታደር «ታውቀዋለህ?» አለኝ።

«አላውቀውም» አልሁ። «ማተቡን አይቼ ነው። ክርስቲያን ነው፣ ልቅበረው።»

አውቀዋለሁ ብል ስሙንና የአባቱን ስም ይጽፉ ነበር። የሽፍታ አባት ቤት እንደሚቃጠል የሚናገረው ማስታወቂያ ከክረምት ጀምሮ በገበያው በር ላይ አለ። ስለዚህ ሌላ መልስ አልነበረም። ዛሬም ደጋግሜ ፈለግሁ፣ አላገኘሁም።

ማክሰኞ ያስቀደሰባት ቤተ ክርስቲያን አስቀበርሁት። ቄስ ማሩ የሚባሉ የደብሩ አገልጋይ ፈቱት። ቆፋሪው ቁመቱን ጠየቀኝ። ሦስት ክንድ ተኩል ከአራት ጣት አልሁት።

ይህን የምናውቅ እኔ፣ ማሬ፣ በላይነህና ቄስ ማሩ ነን።

መርዶ በወረቀት አይሄድም። ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ ከደጅ ይደርሳሉ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ከውጭ ይቆማል፣ ሲወድቁ የሚይዛቸው ሰው ይኖራል። በጉና ጀርባ መርዶ በመጣ ቁጥር የሚጠሩት የኔታ ናቸው። ለየኔታ የሚነግር ማን እንደሚጠራ አላውቅም። ደግሞም ደብዳቤ ሁሉ ሳይታሸግ በግቢው አስተርጓሚ ተነቦ ነው ከከተማ የሚወጣም የሚገባም። ጌጤም ብቻዋን መርዶ ልትሸከም አትችልም፤ አልነግራትም። እኔ ራሴ ሽማግሌ ይዤ መሄድ አለብኝ።

የጉና መንገድ ግን ከዛሬ ጀምሮ ለወንድ ተዘግቷል። ገብስ ተሸክመው የሚገቡ ሴቶች ብቻ ያልፋሉ።

*

ታኅሣሥ 9 ቀን 1930።

ይድረስ ለየኔታ አስረስ።

ብርዱ እንደምን ከረመ? እታለም አሰለፈችስ እንደምን አለች? ጸሎትዎ አይለየን።

ደብዳቤዎን ካገኘሁ ሰነበተ። መልሱ የዘገየው የገበያው ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። የጠየቁኝ ልክ ሦስት ክንድ ተኩል ከአራት ጣት ነው። እሸቴ ከጽዮን በፊት ወደ እብናት ወጥቶ ነበር፣ መንገዱም ስለተበላሸ ለገና የሚሆን አይመስለኝም። የጉና መንገድ መዘጋቱን ሰምተው ይሆናል። የጥምቀቱን ነገር ትንሽ ቢያቆዩት ይሻላል።

ቀለም ልኬያለሁ። አምስት አሞሌና አንድ ማሰሮ ማርም ከጌጤ ጋር አለ። ማሬ እጅ ትነሣለች።

ልጅዎ ፈንታሁን።

*

የላክሁትን ደግሜ አነበብሁት። ስለ እሸቴ ውሸት የለበትም። ጉልበትዎን ይስማል የሚለውን ልጽፍ ብዕሩን አነሣሁና አልቻልሁም። እሱን ብጽፍ ውሸት ይሆን ነበር።

*

ታኅሣሥ 16 ቀን 1930።

ለልጄ ለፈንታሁን።

ሰላም ለአንተና ለቤትህ ይሁን። ማሬን በብዙ ሳምልኝ።

ማርም ደረሰ፣ ጨውም ደረሰ። አልጠየቅሁህም ነበር፤ ቢሆንም ይባርክህ። አሰለፈች ልኩን ሰምታ «ሁለት ጣት ጨምሯል! ምን ቢያበሉት ነው?» ብላ ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች። ድሩን አስረዝማለች።

እሸቴ ከእብናት ሲመለስ አንድ ቃል ይጻፍልኝ። እጁ ጽሑፍ ያውቃል፤ እኔ ነኝ ያስተማርሁት። ሥራ በዝቶበት ከሆነ ሰላም ብቻ ይበል፤ አንድ መስመር። እናቱ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አስነብባኝ ሰላምታው የት አለ አለችኝ። መቼም የወረቀቱ ጥግ ጠብቦት ይሆናል አልኋት።

አስረስ።

*

ታኅሣሥ 24፣ እሑድ። ከግቢው ለጉና የይለፍ ወረቀት ትናንት ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቅሁ። አስተርጓሚው ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን መሳቅ ይወዳል።

«ለምን ጉዳይ?»

«ዘመድ ጥየቃ።»

«ዘመድ የሚል የለም። ንግድ፣ ሕክምና፣ የመንግሥት ሥራ። ከሦስቱ የቱ ነህ?»

«ነጋዴ ነኝ።»

«ጉና ለንግድም ተዘግቷል።»

«እንግዲያ ምን ብዬ ልጠይቅ?»

«ምንም ብለህ አትጠይቅ። ስትመላለስ እኮ ፈረንጁ እንኳ በስምህ አወቀህ» ብሎ ሳቀ።

ስወጣ በሩ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ነበር፦ ያለ ፈቃድ ከአምስት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው፤ ለለቅሶም ለተዝካርም ቢሆን።

*

ጥር 1፣ እሑድ። ዛሬ አርባው ነው። ከማሬና ከበላይነህ ጋር ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ በዚያ በኩል መንገዱ ክፍት ነው። ዳቦና ጠላ ይዘን ነበር፤ ቄስ ማሩ ጸሎት አደረሱ። አራት ሰው ነበርን፣ ከሕጉ በታች። ማንም አላለቀሰም። የሚያለቅሱት ገና አልሰሙም፤ ከነሱ ቀድሞ ማልቀስ አይገባም።

*

ጥር 7 ቀን 1930።

ይድረስ ለየኔታ አስረስ።

ልደቱን በሰላም አሳለፋችሁ? ጥምቀቱንም በሰላም ያድርሳችሁ።

ነገር ሁሉ እንደነበረ ነው። ወረቀት ሲሰጠኝ ራሴ እመጣለሁ። እስከዚያው ለእታለም አሰለፈች አንድ መቀነት፣ ለእርስዎ ጧፍና ስድስት አሞሌ ልኬያለሁ። ለተማሪዎችዎም አንድ ቁና ሽምብራ አለ፤ በኪሎ ስንት እንደሆነ ጌጤ ትነግርዎታለች።

ለእሸቴ ያሉትን ሰምቻለሁ።

ፈንታሁን።

*

የካቲት 19፣ ቅዳሜ። ገብስ ሦስት ጭነት፣ ስንዴ አንድ። አሞሌ አሥር። ከጉና ለስድስት ሳምንት መልስ አልነበረም፤ ጌጤ አምስት ጊዜ ባዶ እጇን መጣች። ዛሬ ይህን ሰጠችኝ፦

«ለልጄ ለፈንታሁን። እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ደኅና ነን። የላክኸው ሁሉ ደርሷል፤ ከእንግዲህ ምንም አትላክ። ጋቢው ከሸማኔ ወጥቷል። ጾሙን ያስጀምረን። አስረስ።»

ለማሬ አነበብሁላት። 

«ስለ ልጁ አልጠየቁም» አለች።

«አስተውያለሁ።»

«እና?»

«ረስተው ይሆናል።»

«ልጃቸውን?» አየችኝ። «ሂድ እንግዲህ፣ ጨውህን ቁጠር።»

*

መጋቢት 3፣ ቅዳሜ። አዲስ ማስታወቂያ፣ አንድ። ለወታደሩ ከብት ገብስ ስላነሰ የጉና መንገድ ለገብስ ንግድ ብቻ ተከፍቷል። በአንድ ወረቀት ከሦስት ሰው በላይ አያልፍም። በአራተኛው ቀን ገብሱን ጭኖ በኬላ ያልተመለሰ ወረቀቱን ያጣል፣ ይጠየቃል።

ከበሩ ሳልርቅ ጻፍሁ፤ ጌጤ ልትነሣ ነበር።

*

ይድረስ ለየኔታ አስረስ። ጤና ይስጥልኝ። የጉና መንገድ ለገብስ ተከፍቷል። የሚሸጥ ገብስ አለ ወይ? ካለ ሦስት ሆነን እንመጣለን። ፈንታሁን።

*

መጋቢት 8 ቀን 1930።

ለልጄ ለፈንታሁን።

የእንግዶችን እግር የሚባርክ አምላክ መምጣትህን ይባርክ።

ገብስ አለ። ሁለት ጭነት ለይቼ አስቀምጫለሁ፤ በቁና ነው፣ ኪሎውን አንተ ታውቀዋለህ። በኬላ ባዶ እጅህን እንዳትገኝ።

ይህን ደብዳቤ ጌጤ ከገብሱ ውስጥ ቀብራ ነው የምታመጣልህ፤ በበሩ የሚያነበው እንዳያየው። ስለዚህ እንደልቤ እጽፋለሁ።

ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት መርዶ ነግሬያለሁ። ሰው የያዘውን ነገር ሲያዘገይ እንዴት እንደሚናገር አውቃለሁ፤ እግሬን አመመኝ፣ ዝናብ ያዘኝ ይላል፣ ስለ ከብት ያወራል። በታኅሣሥ ደብዳቤህ እሸቴ ጉልበቴን አልሳመኝም። ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ፈለግሁ። ከዚያ ጨው መጣ፣ ማር መጣ፣ መቀነት መጣ። አንተ ሳትጠየቅ የምትሰጥ ሰው አይደለህም፤ ከልጅነትህ አውቅሃለሁ።

ለአሰለፈች አልነገርኋትም። ልነግራትም አልችልም፤ እኔም ገና አልተነገረኝም። አባት ለእናት አይነግርም፣ ለሁለቱ የሚነግር ይመጣል። እሷ ስትፈትል አጠገቧ ተቀምጬ ዳዊት ስደግም ከረምሁ። ጋቢው ከሸማኔ የወጣ ቀን በኔ ቁመት ለክታ «ከአንቱ በለጠ!» ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳቅሁ።

ወረቀቱ የተለወጠው በኅዳር ረቡዕ ቀን እንደነበረ ጌጤ ስታወራ ሰማሁ። አንተም ከጽዮን በፊት ወጥቶ ነበር ብለሃል። ማክሰኞ ጽዮን ነበረች። በጽዮን እንደማይጭን አውቃለሁ፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ይህን ለኔ ተውልኝ። ለእናቱ በምንም እንዳታነሣ።

ስትመጡ እንዲህ አድርጉ። ማታውን ከጌጤ ቤት እደሩ። አሰለፈች ለእሳት ከመነሣቷ በፊት ድረሱ። አንዱ ይናገር፣ አንዱ እሷን ይያዝ፣ አንዱ እኔን። ጋቢው መደቡ ላይ ነው፤ አስቀድማችሁ ከዓይኗ አርቁት። ከአምስት በላይ አትሰብሰቡ የሚለውን ማስታወቂያ አይቻለሁ። እናንተ ሦስት፣ እኛ ሁለት፤ አምስት ነን። ጎረቤቱ በየደጃፉ ቆሞ ያለቅሳል፤ በገዛ ደጃፍ መቆምን የሚከለክል እስካሁን አልወጣም።

ና ልጄ። ኑና ንገሩኝ። ሳይነገረኝ ማልቀስ አልቻልሁም።

አስረስ።

*

መጋቢት 10፣ ቅዳሜ። ደብዳቤውን ሰፋሁት። በዓሉን ያልቆጠርሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ልጽፍላቸው ጀመርሁና ቀደድሁት። ይህም በወረቀት አይሄድም።

ማሬ ነጠላዋን ጥቁር ልታስነክር አወጣችና መልሳ አስቀመጠችው። «ከተመለስህ በኋላ» አለች።

*

መጋቢት 13፣ ማክሰኞ። የጠዋት ቆጠራ፦ ገብስ አንድ ጭነት፣ ስንዴ የለም። አሞሌ ሰባት። አጋሰስ ሁለት፤ ሦስተኛው በኅዳር በኬላ ቀርቷል። አዲስ ማስታወቂያ የለም።

ወረቀቱን ለማውጣት ግቢ ገባሁ። አስተርጓሚው ስማችንን ጻፈ፦ እኔ፣ በላይነህ፣ ቄስ ማሩ። ሦስታችንም አውራ ጣታችንን አሳረፍን።

«ጉዳይ?»

«ገብስ መግዛት።»

«ስንት ጭነት?»

«ሁለት።»

ቀና ብሎ አየን፤ ቄሱን ረዘም አድርጎ አያቸው። «ለሁለት ጭነት ሦስት ሰው? አንዱስ ቄስ?»

«የጉና ገብስ ከባድ ነው» አልሁት።

ሊስቅ ነበር። አልሳቀም። ማኅተሙን መታና ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጠኝ።

ነገ፦ ዶሮ ሲጮህ መነሣት። አጋሰስ ሁለት፣ ባዶ ስልቻ አራት፣ ገመድ። የማሬን እንጎቻና ቆሎ አለመርሳት። ማታ ከጌጤ ቤት ማደር፤ ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ የኔታ ቤት። የምናገረው እኔ ነኝ፤ በላይነህ የኔታን፣ ቄስ ማሩ እታለም አሰለፈችን ይይዛሉ። ጋቢውን ማራቅ። ዓርብ ሁለቱን ጭነት መጫን፣ ቅዳሜ ከቀትር በፊት በኬላ ማስመዘን።